ቆሞ ለሚቀር ቮልስ የሚሮጥ ሞተር አይሸጥም

ሰሞኑን ስልክ ለስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጅማ ውስጥ በቅርቡ ልጅ የወለደ ወዳጅ ካላችሁ ወይ ልኮላችኋል ወይ ተልኮለታል። ጸሐፊው ለአዲስ አባቶች አንድ ምክር አላቸው። ልጅ ሲወለድ ሞተር ሳይክልህን ሽጥ፣ በገንዘቡ አሮጌ መኪና ግዛ፣ ግቢህ ውስጥ አቁመህ ቀስ በቀስ ሥራው። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሞተራቸውን ሸጠው የማይነሳ ቮልስ ገዝተዋል።

ጽሑፉ ደስ ይላል። ልጃቸውን እንዴት እንደሚወዱ ከእያንዳንዱ መስመር ያስታውቃል። እኔም አባት ነኝ፣ ሞተር እነዳለሁ፣ ቮልስም ሲያልፍ ዞር ብዬ የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ምክራቸው ግን፣ በተለይ እዚህ ጅማ ለሚኖር ሰው፣ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሞተር ገዳይ ስለሆነ አባት የሆነ ሰው ሊነዳው አይገባም ይላሉ። የማይነሳ መኪና ርካሽ ነው፤ የጥገናው ወጪም በየወሩ በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ኪስ አይጎዳም ይላሉ። ከሥራ በኋላ እዚህም እዚያም ከመዞር ግቢ ውስጥ ቁልፍ ይዞ ማምሸት አባትን ቤቱ ያስቀምጠዋል ይላሉ። ሞተር ሕፃን አይጭንም፣ መኪና ግን ቤተሰቡን ሁሉ ይጭናል ይላሉ። የመኪና ዋጋ ስለሚጨምር ገንዘቡ የትም አይሄድም ይላሉ። በመጨረሻም ልጁ ከአባቱ ጋር እየፈታ እየገጠመ ያድጋል ይላሉ። በየተራ ልመልስ።

በመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጸሐፊው በጣም ትክክል የሆኑት እዚያ ላይ ነው። ሞተር አደገኛ ነው። ይህን የሚክድ ሞተረኛ ራሱን ነው የሚያታልለው። አሜሪካኖች በየዓመቱ በሚያወጡት መረጃ፣ በተጓዙት ርቀት ሲሰላ፣ ሞተር ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ መኪና ውስጥ ካለው ሰው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ይሻላል ብሎ አይከራከርም። ማታ ያለ መብራት መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ አለ። ሳያይ የሚታጠፍ ባጃጅ አለ። አህያ አለ። ዝናብ ሲጥል ከየመንደሩ መግቢያ እየተጎተተ አስፋልቱ ላይ የሚነጠፍ ቀይ ጭቃ አለ። በሁለት ጎማ እዚያ ላይ ፍሬን የያዘ ሰው ያውቀዋል።

እንዲያውም ጸሐፊው የረሱትን አንድ ነገር ልጨምርላቸው። እንቅልፍ። አራስ ያለበት ቤት ውስጥ ማንም በደንብ አይተኛም። ሰው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ሲቆይ ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚወርድ በጥናት የታየ ነገር ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ታቅፎ ሲንጎራደድ ያደረ አባት ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ ምን ላይ እንዳለ አስቡት። ሄልሜት ማድረጉ፣ ጥንቁቅ መሆኑ፣ ለዓመታት መንዳቱ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳውም። ዓይኑ ለሁለት ሰከንድ ከተከደነ አለቀ። ስለዚህ ያልተኛ ሰው ያን ጠዋት ባጃጅ ይያዝ። ይህን ጸሐፊው ቢጽፉት ኖሮ ለብዙ አባቶች ከሌላው ምክር ሁሉ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

እስከዚህ አንድ ነን። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። «ሞተር አደገኛ ነው» ከሚለው ተነስተው «ስለዚህ የማይነሳ መኪና ግዛ» ወደሚለው ይዘላሉ። ጽሑፉን ላነበበ ሰው ንጽጽሩ የሚሄድ ሞተርን ከሚሄድ መኪና ጋር ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንዱ የሚሄድ ሞተር ነው፣ ሌላው ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና ማንንም አይገጭም፤ ይህን እቀበላለሁ። ባለቤቱ ግን ሥራ መሄዱ አይቀርም።

ጅማ እየኖረ ጎረቤት ከተማ ሰቃ የሚያስተምር አባት እናስብ። እንዲህ ያለ ሰው ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ሰርቦ፣ የቡ፣ አጋሮ እየተመላለሰ የሚሠራም እንዲሁ። ይህ ሰው ሞተሩን ሸጠ እንበል። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ነው። ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ ይሄዳል፤ ሚኒባስ ሲጠፋ ደግሞ የሌላ ሰው ሞተር ላይ ከኋላ ይፈናጠጣል። ያለ ሄልሜት። የራሱን ሞተር ሲነዳ ፍጥነቱን እሱ ይወስን ነበር፤ ፍሬኑ ቀድሞ እንደታየ ያውቅ ነበር፤ ሲዘንብ ተጠልሎ ይቆም ነበር። አሁን ይህ ሁሉ በማያውቀው ሹፌር እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የታሰረ ሄልሜት በግጭት ጊዜ የመሞት አደጋን ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ሰውየው ሞተሩን ሲሸጥ ሄልሜቱንም አብሮ ሸጧል። ከሞተር ግን አልወረደም።

እሺ፣ መኪናው አንድ ቀን ይነሳል። ያኔስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው «መኪና» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ አንባቢው አዲስ ቶዮታ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን የገዙት ቮልስ ነው። በእነዚያ በ1960ዎቹ በተሠሩ ቮልሶች፣ በተለይ ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት አብዛኞቹ ላይ፣ የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን የለም። ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ከፊት፣ ኮፈኖው ሥር፣ ከሹፌሩ እግር ፊት ለፊት ነው። ከኋላ ደግሞ የደረቀ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከጋለ ሞተር አጠገብ ያልፋል፤ ስንት ቮልስ በዚህ ሰበብ ተቃጥሏል።

እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ መኪና አለው። ሸራ አልብሶ ካቆመው ቆይቷል። አንድ ቀን ሸራውን ገልጦ እያሳየኝ የኋላውን ወንበር አነሳው። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ ቮልስ ላይ ቦታው እዚያ ነው። የባትሪው ክዳን ጠፍቷል። የወንበሩ ሞላ ዝጎ ወደታች ተንጠልጥሏል። ሰው ከበድ ብሎ ሲቀመጥበት ሞላው የባትሪውን ሁለት ጫፍ ሊነካ ይችላል፤ ከዚያ ብልጭታ ነው፣ ከዚያ እሳት ነው። ይህም በቮልስ ባለቤቶች ዘንድ ድሮ የታወቀ ችግር ነው። ባትሪው አጠገብ ያለው ላሜራ አረፋ አውጥቷል። ካቻቪቴ አንስቶ ጫን ሲያደርገው ወለሉን በስቶ ወጣ። በቀዳዳው ሣር ይታያል። ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሕፃን መቀመጫ የሚታሰረው ግን እዚያ ላይ ነው።

እሱም ቢሆን የሚያስር ነገር ከተገኘ ነው። የሕፃን መቀመጫ ትልቅ ነገር ነው። በአደጋ ጊዜ የጨቅላ ሞትን እስከ 71 በመቶ እንደሚቀንስ ያው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። መቀመጫው ግን በቀበቶ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ መኪኖች ኋላቸው ላይ ቀበቶ የላቸውም። ቀበቶ ልግጠም ብትል ደግሞ ጤነኛ ወለል ይፈልጋል። ጸሐፊው መኪናቸው ኋላው ላይ ቀበቶ ይኑረው አይኑረው አልጻፉም። ልጅን ስለማዳን በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መቅረት አልነበረበትም።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ። የማይነሳ መኪና ርካሽ ነው ያሉት እውነት ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን ሻጩ የማሠሪያውን ሒሳብ ቀድሞ ስለሠራ ነው። ሠርቶ ቢሸጠው የሚያተርፍ ቢሆን ኖሮ ሠርቶ ይሸጠው ነበር። ገዢው ሲመጣ የሚያየው ጭረቱንና ጎማውን ነው። ቤት ሲደርስ ላሜራ ይመጣል። ከላሜራ በኋላ ብየዳ፣ ከብየዳ በኋላ ስቱኮና ቀለም። ከዚያ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡሬተር። ካምቢዮው ደግሞ «አንዴ ከወረደ አይቀር እንየው» ተብሎ ይፈታል። «አንዴ ከወረደ አይቀር» የምትለዋን አባባል ጋራዥ ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስንት ደመወዝ በልታለች።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመንላቸው። መኪና ከተመረጠ ቮልስ መምረጣቸው ብልህነት ነው። ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ የመጨረሻው የወጣው ከሜክሲኮ ነው። ስለዚህ ዕቃው ፈጽሞ አይጠፋም። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ። ሁለት ሰው ያወርደዋል። ክብደቱ ከኋላ፣ ከሚነዱት ጎማዎች በላይ ስለሆነ ጭቃ ላይም ከብዙ ቄንጠኛ መኪና ይሻላል። ይህ ሁሉ ልክ ነው።

ግን ዕቃው የሚገኘው የት ነው? አብዛኛው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሚሆነው እንዲህ ነው። የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ አንስተህ ለአንድ ዘመድ ትልካለህ። ዘመድህ ሥራ ውሎ ቅዳሜ ይሄዳል። «ኦሪጅናል ነው ኮፒ የምትፈልገው?» ብሎ ይደውላል። የሁለቱን ዋጋ ስትሰማ ዝም ትላለህ። ኮፒው በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ መናኸሪያ ሄደህ ትቀበላለህ፣ መካኒኩ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ «ይሄ የእሱ አይደለም» ይልሃል። ለመመለስ ሌላ ቅዳሜ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ጸሐፊው ስለ ባቡርና በስልክ ስለሚጠራ ታክሲ ሲያወሩ ከየት ሆነው እንደሚጽፉ ያስታውቃል። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን በብርቱ ስለገደበች እዚያ ሞተር መሸጥ ያን ያህል አያስቆጭ ይሆናል። እኛ ጋ ሌላ ነው።

«በየወሩ በትንሽ በትንሹ» የምትለዋም አታሳምነኝም። በየወሩ በትንሽ በትንሹ የሚወጣ ወጪ የሚጎዳው ድምሩ ስለማይታይ ነው። ልጅም ወጪው እንደዚያው ነው። ዛሬ ዳይፐር፣ ነገ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ከነገ ወዲያ ለእናትየዋ ሥጋና ወተት። ሁለቱ የሚጎትቱት አንድ ኪስ ነው። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ አይቶታል። አምና ለካርቡሬተር ያስቀመጥካት ገንዘብ ዘንድሮ ካንዴላና ፊልትሮ ገዝታ ታልቃለች።

ነዳጁንም እናስላ። ጅማ–አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጤነኛ 150 ሲሲ ሞተር በሊትር ቢያንስ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሁለት ሊትር ከምናምን ይበቃዋል። ቮልስ በሊትር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ስምንት ዘጠኝ ሊትር ይፈልጋል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ልዩነቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ600 ብር በላይ ነው። አራት ሰው ተከፋፍሎ ከሄደ ሒሳቡ እንደሚቀየር አውቃለሁ። አባትየው ግን ሥራ የሚሄደው ብቻውን ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ያለውን ሰልፍ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው። ብዙ ሰው የወደደውም በእሱ ይመስለኛል። አባት አመሻሹ ላይ ግቢ ውስጥ መኪናው ሥር ተኝቶ ይሠራል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ የሕፃኑ ድምፅ ይሰማል። ያምራል።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ሰዓት ሕፃኑን የያዘው ማነው? ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። እናትየዋ የለችም። ስለ ቮልሱ የበር ጎማ የተጻፈውን ያህል እንኳን ስለ እሷ አልተጻፈም። ሲመሽ ጀምሮ የሚያለቅሰውን ልጅ የያዘችው እሷ ናት። አጥሚቱን የሠራችው፣ ጨርቁን ያጠበችው፣ እናቷ ወይም እህቷ አብራት ከሌለች ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። ግቢ መቀመጥ ቤት መቀመጥ አይደለም። ስድስት ሜትር ርቀት ላይ፣ እጁ ግራሶ የሆነ ሰው ልጅ አይቀበልም። «መጣሁ፣ ይቺን ቡሎን ብቻ ላጥብቅ» ይላል። ቡሎኗ ዝጋለች። አንድ ሰዓት ሄደ።

ሕጉም ለአባት የሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለአባት የሚፈቅደው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ያለው ምሽትና እሑድ ብቻ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ይህንኑ ምሽትና እሑድ ለመኪናው ስጥ ነው። ጓደኛ ጋ ተቀምጦ ጫት ሲቅም ከሚያመሽ ይሻላል ካሉኝ፣ አዎ፣ ይሻላል። ግን ንጽጽራችን ከዚያ ጋር ከሆነ ብዙ ነገር ይሻላል።

ሞተርም ጊዜ ይፈልጋል ይባል ይሆናል። ይፈልጋል። እሑድ ጠዋት ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ፍሬኑን ማየት፣ የጎማውን ነፋስ መለካት፣ ጊዜው ሲደርስ ዘይት መቀየር። ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ታጥበህ ትገባለህ።

ሌላም አለ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይታመንም። ጣሪያ ያለው ጋራዥ ግቢው ውስጥ ያለው ስንቱ ነው? የዛሬ ሳምንት ፍቀህ ያጸዳኸው ላሜራ ቀለም ሳይነካው ዛሬ ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ብየዳ ልትጀምር ስትል መብራት ይሄዳል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ወጣት አባቶች ተከራዮች ናቸው። አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ መሀል የማይነሳ መኪና አቁሞ መዶሻ የሚያሰማ ተከራይ አከራዩ እስከ መቼ ይታገሠዋል? እትዬ አከራይ መጀመሪያ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ተነካ ይላሉ፤ ቀጥሎ የኪራይ ጭማሪው ይመጣል።

አቧራውም የዋዛ አይደለም። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ድሮ የተሠራ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። እርሳስ ለጨቅላ አንጎል መርዝ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ የዋለ አባት በዚያው ሹራብ ልጁን ሲያቅፍ አቧራውም አብሮ ይገባል። ልብስ ቀይሮ፣ ታጥቦ፣ ቤት ሳይገባ የሥራ ጫማውን አውጥቶ የሚሠራ ሰው ይኖራል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳን የለውም።

አራተኛው፣ ቤተሰብ መጫን። ሞተር ሕፃን አይጭንም። በዚህ ላይ ከጸሐፊው በላይ አክራሪ ነኝ። እናት ከኋላ፣ ሕፃን በመሀል፣ ዘንቢል ከፊት ተጭኖ ሲሄድ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለልጅ ሞተር የለም፣ አለቀ።

ግን ጨቅላ ልጅ የት የት ይሄዳል? በመጀመሪያዎቹ 15 ወራት ዋናው መንገዱ ክትባት ነው። የመጀመሪያው እንደተወለደ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ቀጥሎ በ9 ወሩ፣ በመጨረሻም በ15 ወሩ። ክርስቲያን ከሆነ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ክርስትና አለ፤ ሙስሊም ከሆነ አቂቃ አለ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳው ነው ወደ ቤት የሚመጣው። አያት ጋ ይኬድ ይሆናል። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ትኩሳት ይኖራል። ለዚህ ሁሉ መኪና ያስፈልጋል ከተባለ፣ የሚያስፈልገው ዛሬ የሚነሳ መኪና ነው። ጸሐፊው ራሳቸው መጨረሻ ላይ እንደነገሩን ቮልሳቸውን የገዙት ልጃቸው በተወለደ ወር ነው፤ የመኪናው ሞተር ግን እስካሁን መካኒክ ጋ ነው። ልጁ መራመድ ጀምሯል። ቮልሱ ገና ነው። እንግዲህ ለክትባቱ ሁሉ በምን ሄዱ? አልነገሩንም። ባጃጅ እንደሚሆን እገምታለሁ።

እኔም የምለው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ምንም አይልም አልልም። በሩ ሸራ ነው፣ ቀበቶ የለው፣ ሹፌሩ አንዳንዴ ገና ልጅ ነው። ግን ከተማ ውስጥ መንገዱ አጭር ነው። ከቦሳ አዲስ እስከ ሆስፒታል፣ ከጅሬን እስከ መርካቶ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ነው የምናወራው። ስልኩን የምትይዘው አንድ ደንበኛ ባጃጅ ይኑርህ፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ሌሊት ቢደወልለት የሚነሳ፣ በኮንትራት የሚሄድ። የቮልሱ ላሜራ ብቻ የሚበላው ገንዘብ የብዙ ወር የባጃጅ ሒሳብ ነው። ረጅም መንገድ ሲመጣ መኪና ያለው ዘመድ ይለመናል ወይም መኪና ይከራያል። አዲስ አበባ ያሉትን አያት ለማየትም ቢሆን ወለሉ በተበሳ ቮልስ የጊቤን በረሃ ቁልቁለት ከሕፃን ጋር የሚወርድ አባት ያለ አይመስለኝም።

ስለ ዋጋ መጨመር ብዙ አልልም። የመኪና ዋጋ እንደጨመረ እውነት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ተወደደ። የተወደደው ግን የሚነሳው ነው፤ ቦሎ ያለው፣ ሊብሬው ንጹሕ የሆነ። የቴክኒክ ምርመራ ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም። ቦሎ የሌለው መኪና ገዢው ሲመጣ ዋጋው ወደ ላሜራ ዋጋ ይወርዳል። ደግሞም ብር ሲወርድ የሞተሩም ዋጋ ጨምሯል። ጸሐፊው የሸጡት ሞተር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀው ቢጽፉ ጥሩ ነበር።

የቀረው የልጁ ነገር ነው፤ እያየ ያድጋል፣ የእጅ ሥራ ይማራል የሚለው። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ልጄም ካንዴላ ፈትቶ ማጽዳት ቢችል ደስ ይለኛል። ግን ቁልፍ መያዝ የሚችል ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ካርቡሬተር አይማርም። ዳዴ የሚል ደግሞ ያገኘውን ቡሎን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ፕሮጀክቱ ለልጁ ከሆነ ልጁ እስኪደርስ ይቆይ። ያኔ ሌሊት ይተኛል፣ እናቱም ዓረፍ ትላለች፣ ምናልባት የራስህ ግቢም ይኖርሃል። ቮልሱም የትም አይሄድም፤ የማይነሳ መኪና መቼም ገበያ ላይ አይጠፋም።

እስከዚያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ሥራው ከከተማ ውጪ የሆነ አባት ሞተሩን ይያዝ። ለሥራ ብቻ። ማታ አይንዳ፣ ዝናብ ሲበረታ ይቁም፣ ያልተኛ ቀን አይንካው፣ ሄልሜቱን አገጩ ሥር ይሰር። ይህን መጠበቅ የማይችል፣ ወይም ሥራው በእግር የሚደረስበት ሰው ይሽጥ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ገንዘቡ ግን ወደ ቮልስ ጋራዥ አይሂድ። ባንክ ይቀመጥና፣ ሲጠራቀም ፍሬኑ የሚይዝ፣ ቀበቶው የሚታሰር፣ አሮጌም ቢሆን ዛሬ ቁልፍ ሲዞርለት የሚነሳ ኮሮላ ይገዛበት። ለባለቤቱም ቀድሞ ይንገራት፤ ሒሳቡን ከእሱ የተሻለ የምትይዘው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ጸሐፊው ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አለኝ። ቮልሱ ተነስቶ ጅማ ድረስ ከመጣ እኔ ጋ ቡና አለ። ሲመጡ የላሜራውን፣ የካምቢዮውንና የቀለሙን ደረሰኝ ይዘው ቢመጡ ደግሞ አብረን እንደምረዋለን።